የሕዝብ መናፈሻ ሲዘጋ፦ የነዋሪዎችን ሰላማዊ ተቃውሞ ደረጃ በደረጃ የማደራጀት መመሪያ

«መናፈሻችን ተዘግቷል፤ ደብዳቤ እንጻፍ ወይስ ሰልፍ እንውጣ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ መልሱን በአንድ ቦታ አሟልቼ ላስቀምጠው ወደድሁ። ጥያቄው ሁለቱን መንገዶች እንደ አማራጭ ያያቸዋል፤ ሆኖም ሰልፍ ውጤት የሚያመጣው ውሳኔ ሰጪው ሊፈርምበት የሚችል የተጻፈ ጥያቄ ይዞ ሲወጣ ነው፤ ደብዳቤም ከመሳቢያ ወጥቶ የሚነበበው ከኋላው ሕዝብ መኖሩ ሲታወቅ ነው። እርምጃዎቹ በቅደም ተከተል የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ዘልለው በቀጥታ ወደ አደባባይ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ። የስብሰባና የአቤቱታ ደንብ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ቀነ ገደብ በተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ የከተማዎን ደንብ ማረጋገጥ የእርስዎ ሥራ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ መዝገብ። ቀን፣ ሰዓት፣ የተነጋገሩት ሰው የሥራ ድርሻና የተባለው ነገር የሚጻፈው በዚህ ብቻ ነው።
- የአካባቢው ካርታ፣ በእጅ የተነሣ ንድፍም ቢሆን
- የልብስ ሰፊ ሜትር (ለዛፍ ግንድ ከብረት ሜትር ይልቅ ይመቻል)
- የአቤቱታው ሙሉ ቃል የታተመበት የፊርማ ቅጽ፣ እስክሪብቶና መደገፊያ ሰሌዳ
- ለመፈክር የሚሆን ጨርቅ ወይም ካርቶን፣ ውሃ የማያለቅቀው ቀለም
- በእጅ የሚያዝ ድምፅ ማጉያና ትርፍ ባትሪ
- አስተባባሪዎችን የሚለይ ባለ ደማቅ ቀለም ሰደርያ ወይም የክንድ ጨርቅ
- የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን፣ በቂ የመጠጥ ውሃ፣ የቆሻሻ መሰብሰቢያ ከረጢት

1. የመዝጊያውን ውሳኔ በጽሑፍ ያግኙ

መናፈሻ ለጥገና ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋል፤ ለአደጋ ያሰጋል ተብሎም ይዘጋል፤ ቦታው ለሕንፃ፣ ለመንገድ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ተሰጥቶ ይዘጋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማንም ምንም ሳይወስን፣ የጥበቃ ሠራተኛ ስለሌለ ወይም በአጎራባቹ ያለ ግንባታ ዕቃውን ስላራገፈበት ብቻ በሩ ተቆልፎ ይቀራል። እያንዳንዱ ሁኔታ የተለየ ውሳኔ ሰጪና የተለየ ጥያቄ አለው። ይህን ሳይለዩ የተነሡ ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያባክኑት ሥልጣን በሌለው ቢሮ ደጅ ነው።

በሩ ላይ ማስታወቂያ ከተለጠፈ ሁለት ፎቶ ያንሱት፦ አንዱን ጽሑፉ፣ ማህተሙና ፊርማው እንዲነበብ ከቅርብ፣ ሌላውን በየትኛው በር ላይ እንደተለጠፈ እንዲታይ ራቅ ብለው። ከዚያም የደብዳቤውን ቁጥር፣ የወጣበትን ቀን፣ የፈራሚውን የሥራ ድርሻና መዝጊያው የሚያበቃበትን ቀን በመዝገብዎ ይገልብጡ። የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን «ጊዜያዊ» መዝጊያ እንደ ቋሚ ቆጥረው እንዲንቀሳቀሱ እመክራለሁ። ማስታወቂያ ከሌለ ለከተማው አስተዳደር በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማን ወሰነ፣ በየትኛው ደንብ መሠረት ወሰነ፣ እስከ መቼ ይቆያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስታወቂያውን አይቅደዱ፣ አያንሱም። የመቃወሚያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ያ ወረቀት ለእርስዎም ማስረጃ ነው።

2. ማስረጃ ይሰብስቡ

ከእርምጃዎቹ ሁሉ ብዙ ትጋት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ በኋላ በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ የሚረዳዎትም ይኸው ነው። «ብዙ ሰው ይጠቀምበት ነበር» የሚለውን አባባል ማንኛውም ኃላፊ በአንድ ቃል ሊያስተባብለው ይችላል፤ ቀንና ሰዓት የተጻፈበትን ቆጠራ ግን ሌላ ቆጠራ ሳያቀርብ አያስተባብለውም።

ሀ. ተጠቃሚውን ይቁጠሩ። መናፈሻው ገና ካልተዘጋ በአንድ በር፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም የሚገቡትን ይቁጠሩ። ከተዘጋ ደግሞ እስከ በሩ መጥተው የሚመለሱትን ይቁጠሩ፤ ሕፃን ይዛ መጥታ መቆለፊያውን አይታ የተመለሰች እናት በቆጠራው ውስጥ ቦታ አላት። ስም አይጻፉ፤ ሕፃን፣ ወጣት፣ አረጋዊ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ የሚሉ ዓምዶች ይበቃሉ። በብዙ ቆጠራዎች የሚዘነጋው መናፈሻውን እንደ አቋራጭ የሚጠቀመው ሰው ነው። ተማሪዎች በመናፈሻው ውስጥ አልፈው ትምህርት ቤት ይደርሱ ከነበረና አሁን በዋናው መንገድ ዳር ለመሄድ ከተገደዱ፣ ሁለቱንም መንገድ በእግርዎ ሄደው የሚፈጀውን ደቂቃ ይመዝግቡ፤ የመኪና መንገድ ስንት ጊዜ መሻገር እንዳለባቸውም ይጻፉ። ለአረንጓዴ ቦታ ግድ የማይሰጠው ባለሥልጣን እንኳ የሕፃናትን የመንገድ ደኅንነት በቀላሉ አያልፈውም።

ለ. ያለውን አማራጭ ይለኩ። ከሰፈሩ መሐል እስከ ቀጣዩ ክፍት የሕዝብ መናፈሻ ያለውን ርቀት በካርታ ላይ ያስምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር፣ የከተማ ነዋሪ ቢያንስ ከ0.5 እስከ 1 ሄክታር ስፋት ያለው የሕዝብ አረንጓዴ ቦታ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ማለትም በ5 ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ፣ ሊያገኝ ይገባል ይላል። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀበሉት የዘላቂ ልማት ግብ 11.7ም ደኅንነቱ የተጠበቀ፣ ሁሉን ያካተተና ተደራሽ የሆነ አረንጓዴና የሕዝብ ቦታ፣ በተለይም ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች፣ እስከ 2030 ለሁሉም እንዲዳረስ ያስቀምጣል። ሁለቱን በደብዳቤዎ ይጥቀሱ፤ ጥያቄው የጥቂት ሰዎች ፍላጎት ሳይሆን በታወቀ መለኪያ የሚመዘን መሆኑን ያሳያሉ።

ሐ. ዛፎቹን ይመዝግቡ። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ውጤቱን ለ3.14 ሲያካፍሉት የግንዱን ውፍረት ያገኛሉ። ዙሪያው 157 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው ማለት ነው። ተዳፋት ላይ የቆመ ዛፍ ከሆነ 1.3 ሜትሩን ከላይኛው በኩል ይጀምሩ፤ በዚያ ከፍታ ላይ እብጠት ወይም ቅርንጫፍ ካለ ከሱ ትንሽ ዝቅ ብለው ይለኩና ያንኑ ይጻፉ። ለእያንዳንዱ ዛፍ በንድፉ ላይ ቁጥር ይስጡ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሰው አቁመው ፎቶ ያንሱ። ዛፉ ላይ ግን ምስማር አይምቱ፣ ቀለምም አይቀቡ። ይህ ልኬት የሚያስፈልገው ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ «የነበሩት ቁጥቋጦዎች ናቸው» ለሚል መልስ ሌላ ማስተባበያ ስለማይኖርዎት ነው። መናፈሻው ተዘግቶ ከሆነ አጥር አይዝለሉ፤ ከውጭ የሚታየውን ይመዝግቡ፣ የቀረውንም ከቆዩ ፎቶዎች ያሟሉ።

3. አነስተኛ አስተባባሪ ቡድን ያቋቁሙ

ከ5 እስከ 9 ሰው ይበቃል። ሥራው በግልጽ ይከፋፈል፦ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የሕግ ጉዳይ ተከታታይ፣ የሰልፍ አስተባባሪና አንድ ቃል አቀባይ። ቃል አቀባዩ አንድ እንዲሆን የምመክረው ሁለት ሰዎች ለአንድ ጋዜጠኛ ሁለት የተለያየ ጥያቄ ሲናገሩ፣ ዘጋቢው የሚያስተላልፈው ጥያቄውን ሳይሆን ልዩነቱን ስለሚሆን ነው። በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የተዋጣ ገንዘብም ትንሽ ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥለት።

በመናፈሻው የሚጠቀሙ ሰዎች ሁሉ በቡድኑ ውስጥ ራሳቸውን ማየት አለባቸው። አረጋውያን፣ እናቶች፣ ስፖርተኞች፣ የአካባቢው ነጋዴዎችና አካል ጉዳተኞች የሌሉበት ቡድን «እናንተ ማንን ትወክላላችሁ?» ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ አይኖረውም። የፖለቲካ ድርጅት አባላት እንደ ነዋሪ መሳተፍ ይችላሉ፤ የድርጅት ባንዲራና መለያ ግን እንዳይያዝ አስቀድሞ ይወሰን።

4. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ብዙ እንቅስቃሴዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። «መብታችን ይከበር» የሚል ጥያቄ ኃላፊው «ይከበራል» ብሎ ሊያሰናብትዎት የሚችል ነው። ጥሩ ጥያቄ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚሉትን ሦስቱን ይይዛል። ለምሳሌ፦ «የከተማው አስተዳደር መናፈሻውን የዘጋበትን ውሳኔ ሰርዞ፣ ዋናውን በር ይህ ደብዳቤ ገቢ ከሆነበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀናት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርግ እንጠይቃለን።»

ከዚህ ጋር ቡድኑ ሊቀበለው የሚችለውን ዝቅተኛ ውጤት በቃለ ጉባኤ ይመዝግብ፤ ለምሳሌ ጥገናው እስኪያልቅ ግማሹ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ፣ ወይም ሕዝባዊ ውይይት ሳይደረግ ዛፍ እንዳይነካ። ይህ በደብዳቤው አይጻፍም። የሚጠቅመው በድርድር ቀን ቡድኑ በድካም ወይም በስሜት ተገፍቶ ከዚያ በታች እንዳይወርድ ነው።

5. ፊርማ ሰብስበው አቤቱታውን ያስገቡ

የአቤቱታው ሙሉ ቃል በእያንዳንዱ የፊርማ ገጽ አናት ላይ መታተም አለበት። ባዶ ወረቀት ላይ የተሰበሰበ ፊርማ «ሰዎቹ ምን እንደፈረሙ አያውቁም» ተብሎ በቀላሉ ይጣላል። ዓምዶቹ ስም፣ የሚኖሩበት አካባቢ፣ ቀንና ፊርማ ብቻ ይሁኑ። ሕጉ ካላስገደደ በስተቀር ስልክና የመታወቂያ ቁጥር አይሰብስቡ፤ ያልሰበሰቡትን መረጃ ማንም ሊነጥቅዎት አይችልም።

የከተማው ሕግ በቂ ፊርማ ሲሰበሰብ ሕዝበ ውሳኔ እንዲካሄድ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ፎርሙና የፈራሚው ብቁነት በሕጉ ልክ መሆኑን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። ብቁ ያልሆኑ ፊርማዎች በማጣራት ስለሚወድቁ ከሚፈለገው ቁጥር በእጅጉ አብልጠው ይሰብስቡ። በበርሊን የቀድሞው የቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ሊሠራ የታሰበው ግንባታ የቆመው በዚህ መንገድ ነበር፤ ነዋሪዎች በፊርማ ሕዝበ ውሳኔ አስጠርተው ሜይ 25 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. በተሰጠው ድምፅ ሜዳው ሳይገነባበት ለሕዝብ እንዲቆይ ወሰኑ።

አቤቱታውን በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይግቡ፤ አንዱን ያስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስመቱ። ማህተም ሳያርፍበት ከመስኮቱ አይራቁ፤ ያ ቅጂ ከሌለ ቀነ ገደቡ ከመቼ እንደሚቆጠር ማሳየት አይችሉም። ግልባጭ ደግሞ ውሳኔውን ለሚያስፈጽሙት ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ለሚያወጡትም ይላኩ። ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1989 በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ ሊሠራ የታቀደውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ስትቃወም ደብዳቤ የጻፈችው ለአገሯ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ሳይሆን ለዓለም አቀፍ ተቋማትና ለውጭ መንግሥት ተወካዮችም ነበር፤ የውጭ ባለገንዘቦች ሲያፈገፍጉም ዕቅዱ ቀረ።

6. የይግባኝና የዕግድ መንገዱን በጊዜው ይክፈቱ

ይህ እርምጃ ከ5ኛው ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። በሕግ ባለሙያ እገዛ ሁለት ነገር ይጣራ፦ በውሳኔው ላይ መቃወሚያ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን፣ እና ፍርድ ቤት ጉዳዩ እስኪታይ ሥራው እንዲቆም ዕግድ የሚሰጥበት ሁኔታ። ዕግድ የሚጠየቀው በአጠቃላይ ቆይቶ ሊመለስ የማይችል ጉዳት እንደሚደርስ በማሳየት ስለሆነ፣ በ2ኛው እርምጃ የለኩት የዛፍ ዝርዝር ዋነኛ ማስረጃ ይሆናል። በኢስታንቡል የጌዚ መናፈሻ ዛፎች መነቀል የጀመሩት ሜይ 27 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በምሽት ነበር። ስለዚህ መዝጊያው ለግንባታ ከሆነ በሩን ከመንገድ ሆነው የሚያዩ ነዋሪዎች ተራ ይያዙ፤ ማሽን ከገባ ሰዓቱን መዝግበው ለማን ወዲያውኑ እንደሚደውሉም አስቀድሞ ይታወቅ። ተረኞቹ ሥራቸው ማየትና መመዝገብ ነው፤ ከማሽን ፊት መቆም አይደለም።

የተለመደው ስሕተት ለአቤቱታው መልስ ሲጠብቁ የይግባኙን ቀን ማሳለፍ ነው። መልስ መጠበቅ ቀነ ገደቡን አያቆመውም ብለው ያስቡ።

7. ሰላማዊ ስብሰባውን ያዘጋጁ

በሰላም የመሰብሰብ መብት በዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 21 ተደንግጓል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው 37ኛ አጠቃላይ ትንታኔ፣ ለባለሥልጣን አለማሳወቅ ብቻውን ተሳታፊዎችን ሕገ ወጥ እንደማያደርግና ሰልፍ ለመበተን ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ አስቀምጧል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በዕለቱ ከፊትዎ የሚቆመው ፖሊስ የሚሠራው በአገሩ ደንብ ስለሆነ፣ ማሳወቂያውን በወቅቱ አስገብተው ማህተም ያረፈበትን ቅጂ በዕለቱ ይያዙ።

ቦታው። ከመናፈሻው በር ፊት ለፊት ያለ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ከማዕከላዊ አደባባይ ይሻላል፤ ምክንያቱም የተቆለፈው በር ራሱ ጉዳዩን ያስረዳል፣ የዘወትር ተጠቃሚዎችም በቀላሉ ይደርሳሉ። ቢያንስ ሁለት መውጫ ያለው፣ ለአምቡላንስ ማለፊያ የሚተው መሆኑን በእግርዎ ሄደው ይመልከቱ።

ሰዓቱ። መጀመሪያውም ማብቂያውም ይታወጅ፤ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። የማብቂያ ሰዓት የሌለው ስብሰባ ሰው እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ጥቂቶች ለጠብ የተጋለጡ ይሆናሉ።

አስተባባሪዎች። ለ30 ሰው አንድ አስተባባሪ ይመድቡ፤ አስቀድመውም ቦታው ላይ ያለማምዷቸው። ሥራቸው መንገድ ክፍት ማድረግ፣ የደከመውን ወደ ጥላ መውሰድ፣ የተቆጣውን አነጋግሮ ማብረድ ነው። ፖሊስን የሚያነጋግረው ግን አንድ የተመደበ ሰው ብቻ ይሁን።

መፈክሩ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል በደንብ የሚነበበው ከ3 ሜትር ያህል ርቀት ነው በሚለው የምልክት ጸሐፊዎች ስሌት፣ ከ30 ሜትር እንዲነበብ የሚፈልጉት ጽሑፍ ፊደሉ 25 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ስለዚህ ቃላቱ ከአምስት አይብለጡ። በ4ኛው እርምጃ የጻፉት ጥያቄ አጥሮ በዋናው መፈክር ላይ ይዋል፤ ፎቶው በየትም ቢታይ የሚነበበው ጥያቄው ይሁን። በማንኛውም ግለሰብ ላይ ስድብ አይጻፍ።

8. በዕለቱ

ቡድኑ ከአንድ ሰዓት በፊት ይገኝ። አስተባባሪዎች ቦታቸውን ይያዙ፤ ውሃውና የሕክምና ሣጥኑ የት እንዳሉ ሁሉም ይወቅ። መጀመሪያ ላይ ቃል አቀባዩ ጥያቄውን፣ የማብቂያ ሰዓቱንና ሦስቱን ሕጎች በድምፅ ማጉያ ያንብብ፦ አጥር አይነካም፣ መንገድ አይዘጋም፣ ለትንኮሳ መልስ አይሰጥም። አጥሩን መነቅነቅ ያጓጓል፤ ሆኖም አንድ የተጣመመ ብረት ሙሉውን የሰልፍ ታሪክ ወደ ንብረት ማውደም ይለውጠዋል።

በመቀጠል በመናፈሻው ይሠራ የነበረውን ነገር በበሩ ፊት ያድርጉ፤ ሕፃናት ይጫወቱ፣ አረጋውያን በተዘረጋ ወንበር ይቀመጡ፣ ተማሪዎች መጽሐፍ ያንብቡ። የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ንግግር አላውቅም። ንግግሮች ከ3 ደቂቃ አይለፉ።

ማስጠንቀቂያዎች፦

- ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን ፊት የሚያሳይ ፎቶ አይሠራጭ። ፎቶ ከመላክዎ በፊት የቦታ መረጃውን ከስልክዎ ያጥፉ።
- እንድትበተኑ ከታዘዛችሁ፣ ቃል አቀባዩ ትዕዛዙን የሰጠውን ሰው ኃላፊነትና ሰዓቱን ይመዝግብ፤ አስተባባሪዎች ሕፃናትንና አረጋውያንን አስቀድመው ያውጡ፤ ማንም አይሩጥ።
- አስለቃሽ ጭስ ቢተኮስ ነፋሱ ከሚነፍስበት አቅጣጫ ወዳለ ክፍት ቦታ ይሂዱ፤ ዓይንዎን አይሹ፣ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠቡ፤ የመገናኛ ሌንስ ያደረገ ወዲያው ያውልቅ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።
- የተያዘ ወይም የተጎዳ ሰው ካለ ቤተሰቡንና የሕግ ባለሙያውን የሚያሳውቅ ሰው ከስብሰባው ውጭ፣ በስልክ ዝግጁ ሆኖ ይቀመጥ።

በታወጀው ሰዓት ይዝጉ። ቆሻሻውን ለቅመው፣ ባዶውን ቦታ ፎቶ አንሥተው ይሂዱ።

9. ይከታተሉ፣ ይደራደሩ፣ መልሱን በጽሑፍ ያድርጉት

ስብሰባው በተደረገ በማግስቱ የተሳታፊውን ግምታዊ ቁጥር፣ ሁለት ፎቶና የአቤቱታውን ገቢ ቁጥር የያዘ አጭር ደብዳቤ ለውሳኔ ሰጪው ይላኩ፤ የመነጋገሪያ ቀንም ይጠይቁ። ቁጥሩን አያጋንኑ፤ በአንድ የተጋነነ አኃዝ ምክንያት ትክክለኛው ቆጠራዎም ይጠረጠራል። ለውይይት ከተጠሩ ሦስት ሆነው ይግቡ፤ አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ያዳምጥ። «ችግሩን ተረድተናል፣ በቅርቡ እናየዋለን» የሚል መልስ ከተሰጠ፣ ይህንኑ ከነቀኑና ከተናጋሪው የሥራ ድርሻ ጋር ጽፈው በዚያው ሳምንት መልሰው ይላኩላቸው፤ የቃል ተስፋ ቀነ ገደብ የሚያገኘው በዚህ ነው።

እንደሚከፈት ከተወሰነ፣ ውሳኔው የትኞቹ በሮች፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ያለ ክፍያ ወይስ በክፍያ ክፍት እንደሚሆኑ መጥቀሱን ይመልከቱ። በሩ ተከፍቶ አዲስ የመግቢያ ክፍያ የተጣለበት መናፈሻ ገንዘብ ለሌለው ሰው አሁንም ዝግ ነው። በተከፈተበት ሳምንት በ2ኛው እርምጃ የሠሩትን ቆጠራና የዛፍ ዝርዝር በዚያው በር፣ በዚያው ሰዓት ይድገሙ፤ የጎደለ ዛፍ ካለ በቁጥሩ ጠቅሰው በጽሑፍ ያሳውቁ። መዝገቡን፣ ማህተም ያረፈባቸውን ቅጂዎችና ቃለ ጉባኤዎቹን በአንድ ፋይል አድርገው፣ ከአንድ ሰው ቤት በላይ በሁለት ቦታ ቅጂያቸውን ያኑሩ።